ሠላሳ አንደኛዋ

ይህን ነገር ለሰው ስነግር ብዙ ዓመት ከመሃሉ ነበር የምጀምረው፤ ያጠፋሁትን ላለመናገር። ዛሬ ግን ከጥፋቴ ልጀምር።

ሰቆጣ ስገባ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ አብዮቱ ሊመጣ ጥቂት ዓመታት ቀርተውታል። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ዕጣዬ ዋግ ላይ ወደቀ። ከደሴ እስከ ኮረም በጭነት መኪና፣ ከኮረም በኋላ ደግሞ ሁለት ቀን በበቅሎ ተጉዤ ደረስኩና የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ ሆንኩ። አርባ አንድ ተማሪዎች ነበሩኝ። ግማሹ የከተማ ልጅ ነው፤ የነጋዴ፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ የካህን ልጅ። የቀረው ከጋዝጊብላና ከደሃና መንደሮች መጥቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር ነው። እነዚህ እቤታቸው የሚናገሩት ኽምጣኛ ስለሆነ አማርኛን የተማሩት ከእኛ ከአስተማሪዎቹ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ግን ከምንም አልቆጠርኩትም።

እኔ ራሴን ያሳደገኝ ደረጃ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሦስተኛ በታች ወጥቼ አላውቅም፤ አባቴም የውጤት ካርዶቼን በጨርቅ ጠቅልሎ ከዳዊቱ ጋር ነበር የሚያስቀምጣቸው። ስለዚህ አስተማሪ ስሆን ተማሪዎቼን በደረጃቸው አስቀመጥኳቸው። አንደኛ የወጣው ከፊት፣ መጨረሻ የወጣው ከበሩ አጠገብ። በየፈተናው ቦታ ይቀያየራሉ። አንዱ ወደ ፊት ሲመጣ ሌላው ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ኋላ ሲሄድ እያየሁ፣ ይህ ያተጋቸዋል ብዬ እደሰት ነበር።

ግንቦት ላይ ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። በሚመጣው ዓመት እኔው የማስተምርበት የስድስተኛ ክፍል መማሪያ ቤት ከሠላሳ ልጅ በላይ አይይዝም አለኝ። በዚህ ዓመት ከአንደኛ እስከ ሠላሳኛ የወጡት ያልፋሉ፤ የቀሩት አሥራ አንዱ፣ ውጤታቸው የፈለገው ይሁን፣ ይደግማሉ። ልክ አይደለም አላልኩም። እንዲያውም ለልጆቹ ስነግራቸው ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ ከእንግዲህ ደረጃዬ የእውነት መሣሪያ ሆነ ብዬ።

የመዝጊያው ዕለት ሰኔ አጋማሽ ላይ ነበር። ወላጆች ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። ከአንደኛው ጀምሬ ስም ጠራሁ፤ የተጠራው እየወጣ ይጨበጨብለታል። ሠላሳኛ ላይ የባለሱቁ የአቶ ሰይድ ልጅ ኑሩ ወጣ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍኩና ያልተጠራችሁ ትደግማላችሁ አልኩ። ዝም ብሎ የቆመውን ወገን አሁንም አስታውሰዋለሁ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ የገጠር ልጆች ነበሩ።

ሕዝቡ ሲበተን አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ መጡ። አያ ስዩም ይባላሉ፤ ከጋዝጊብላ በኩል፣ የስድስት ሰዓት መንገድ ተጉዘው የመጡ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው አልጋነሽ ከኋላቸው መሬት መሬት እያየች ቆማለች። ሠላሳ አንደኛ የወጣችው እሷ ነበረች።

አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል መዝነው ነበር የሚያወጡት።

«መምህር፣ ልጄ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም።»

«ትምህርቱ አልገባትም?»

«ገብቷታል። ከመቶ ስድሳ ስምንት አግኝታለች።»

«ማለፊያው ስንት ነው?»

«ሃምሳ።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያ አልፋለች።»

«አልፋለች። ግን ሠላሳ ልጆች በለጧት።»

«የኔ ገብስ ጎተራዬን ቢሞላ፣ የጎረቤቴ ደግሞ ከኔ ቢበልጥ፣ የኔው ገብስ መሆኑ ይቀራል?»

መማሪያ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ከሠላሳ በላይ አይይዝም ብዬ አስረዳኋቸው። ሲሰሙኝ ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንደሱ ይበሉኛ። ልጅቱ አነሰች አይበሉኝ፤ ያነሰው ቤቱ ነው።»

ተሰናብተውኝ ሄዱ። በአልጋነሽና በኑሩ መካከል የነበረው ልዩነት በጠቅላላ ድምር ግማሽ ነጥብ ነው። ቢሮ ገብቼ የፈተና ወረቀቶቿን አወጣሁና አንድ በአንድ አየሁ። ሒሳቡ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጥያቄው፣ አንዲት ሴት ይህን ያህል ጣሳ ገብስ ነበራት፣ ይህን ያህሉን ሸጠች፣ ስንት ቀራት? የሚል ነው። አልጋነሽ በትክክል ሠርታ፣ ከታች «ስምንት ጣሳ ቀረው» ብላ ጽፋለች። ቀራት ማለት ሲገባት ቀረው አለች። እኔ ደግሞ ቀረው የሚለውን በቀይ አስምሬ አንድ ነጥብ ቀንሼባታለሁ። ሒሳብ ፈተና ላይ ለአማርኛ ቀጣሁ። ያ አንድ ነጥብ ቢመለስላት ሠላሳኛዋ እሷ ነበረች።

ወረቀቱን ይዤ እየሮጥኩ ወጣሁ። ከከተማው መውጫ፣ አህያቸውን ሲጭኑ ደረስኩባቸው። ያጠፋሁትን ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ አሁኑኑ ዝርዝሩን አስተካክላለሁ፣ ልጅዎ ትገባለች አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ጭነቱን ማሰራቸውን ትተው ቀና አሉ።

«እሷ ስትገባ ማን ይወጣል?»

«የአቶ ሰይድ ልጅ፣ ኑሩ።»

«የሱ ውጤት ስንት ነው?»

«እሱም ከማለፊያው በላይ ነው። ከእሷ ጋር አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል።»

ገመዱን ለቀቁት። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ሲሉኝ የነበሩት ሰው፣ ከዚያ በኋላ አንተ አሉኝ። የንቀት አልነበረም።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ነገ ደግሞ ሰይድ መጥቶ የኔስ ልጅ ምን አጠፋ ቢልህ ምን ትመልስለታለህ? የሰው ልጅ አስነሥተህ የኔን አታስቀምጥብኝ። እንዲያ ያለ መቀመጫ ይቆረቁራታል።»

እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። በደረጃ ውስጥ በደልን ማረም እንኳ ሌላ በደል ነው። ለአንዷ የምመልሰው ፍርድ ከሌላው ልጅ ላይ የምቀማው ነው። ሁለቱም አልፈዋል፤ ሁለቱን ጠላት ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። አንድም ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ይህን ለማየት የፈጀባቸው ገመድ ፈትቶ የመልቀቅ ያህል ጊዜ ነው።

አያ ስዩም አህያዋን ለልጃቸው ሰጡና «ያን ቤት አሳየኝ» አሉኝ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለስን። ገብተው ዙሪያውን አዩ፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ተንበርክከው ከጥግ እስከ ጥግ በክንዳቸው ለኩት። በሹክሹክታ በኽምጣኛ ይቆጥሩ ነበር። ሲጨርሱ ልብሳቸውን አራግፈው፣ በስተምሥራቅ ያለው ግድግዳ ተነሥቶ ቤቱ አሥር ክንድ ቢረዝም አሥራ አንዱ ልጆች ይገባሉ አሉኝ። ዳይሬክተሩ ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንብ የሚፈራ ሰው ነበር። በጀት የለም አለ። አያ ስዩም በጀት አልጠየቅኩም አሉ። ለአስተማሪው ይከብደዋል አለ።

«ለሠላሳ የሚናገረውን ለአርባ አንድ ሲናገር ድምፁ ያልቅበታል?» ብለው ወደ እኔ አመለከቱ።

በመጨረሻ ዳይሬክተሩ የስድስተኛ ክፍልን ዝርዝር ወደ አውራጃው የሚልከው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ መሆኑን ነገራቸው። ቅዳሜ ቤቱ ቆሞ ካገኘው አርባ አንድ ስም ይጽፋል፤ ግድግዳው ፈርሶ ጣራው ሳይከደን ካገኘው ግን ሠላሳዎቹም መማሪያ አጡ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ተጠያቂው እኔ አስተማሪው ነኝ። ተስማማሁ።

አያ ስዩም የቀሩትን አሥር ልጆች ስም ከነአባቶቻቸውና ከነመንደራቸው አንብብልኝ አሉኝ። አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ሳያስቀሩ፣ አንድ ሳያዛንፉ መልሰው ነገሩኝ። ከዚያ «ሰኞ እንመጣለን» ብለው ወጡ። ሲወጡ መንገዳቸውን ወደ ገጠር አላቀኑም፤ ወደ አቶ ሰይድ ሱቅ ነበር የሄዱት። እዚያ የተባባሉትን አልሰማሁም።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። በመጀመሪያ የመጣው አቶ ሰይድ ነበር፤ ሁለት አህያ ቆርቆሮ አስጭኖ። ለምን እንደመጣ ሲጠየቅ፣ «ልጄ ሠላሳኛ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ሠላሳ አንደኛ አለመሆኑን ማን ነገረኝ?» አለ። ከእሱ በኋላ ከከተማው ጥቂት ወላጆች መጡ፤ አንደኛ የወጣው ልጅ አባትም ነበሩበት። ረፋድ ላይ ከጋዝጊብላ በኩል ያለው መንገድ በሰው ተሞላ። ከደሃና ደግሞ እሑድ ሲጓዙ ውለው ያደሩ መጡ። የአሥራ አንዱን ልጆች አባቶች ብቻ ነበር የጠበቅኩት። ከመጣው ሕዝብ ግን ብዙው ትምህርት ቤት ልጅ እንኳ የሌለው ነበር። መዶሻ የያዘ፣ ጭድ የተሸከመ፣ የጥድ እንጨት በትከሻው ያደረገ። ከመካከላቸው ያሉት ድንጋይ ጠራቢዎች ገና ሳይቀመጡ ድንጋይ ማየት ጀመሩ።

ግድግዳው ሲፈርስ ዳይሬክተሩ እጁን አጣጥፎ ያይ ነበር። እኔ ድንጋይ አቀብል ነበር። እስከ ረቡዕ ሦስቱ አዲስ ግድግዳዎች ከሰው ቁመት በላይ ሆኑ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናብ ጣለ።

ዋግን የማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። በዚያ አገር ዝናብ ተለምኖ የሚመጣ እንግዳ ነው። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያረሰርስ ገበሬ በማግስቱ በሬ ካልጠመደ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ምን ይሆናል? ዝናቡ እየወረደ ሰዎቹ መሣሪያቸውን ሰብስበው በሦስት በአራት ሆነው ሲወጡ አየሁ። ማንም አልተሰናበተኝም። እንዴት ብዬ ልለምናቸው እችላለሁ? ጣራ የሌለው ግድግዳ በዝናብ ሲታጠብ፣ ጭቃው ከድንጋዩ መሃል ሲወርድ ቆሜ አየሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሜዳው ላይ ማንም የለም። አንድ ሰዓት ሆነ፤ ሁለት ሰዓት ሆነ። ዳይሬክተሩ መጥቶ አጠገቤ ቆመና ተው ብዬህ ነበር አለኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ ከልቡ አዝኖ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሠላሳዎቹን የት አስተምራቸዋለሁ እያልኩ በሐሳቤ ቤት እከራይ ነበር።

በዚህ መካከል ከኮረብታው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብቅ አለ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልለየሁትም። አንድ ትልቅ የጥድ ግንድ ነው፤ በአየር ላይ በራሱ የሚሄድ ይመስላል። ቁልቁለቱን ሲጀምር ነው ከሥሩ ያሉትን ሰዎች ያየሁት። ከሃያ ይበልጣሉ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በኽምጣኛ፣ አንዱ ዜማ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ እርምጃቸውን ያስተካክላሉ። ቃሉ አይገባኝም። ዳይሬክተሩ ባርኔጣውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ ራሱም ያወቀ አይመስለኝም።

ግንዱን ሲያወርዱ አያ ስዩም ከፊተኞቹ መካከል ነበሩ። ትከሻቸው ተልጦ ነበር። ሌሎቹስ የት ሄዱ አልኳቸው።

«በሬ ያለው ሁሉ ማሳ ላይ ነው። የኔንም፣ የነዚህንም የሚያርሱት እነሱ ናቸው፤ በደቦ።»

«እንዲህ ይሁን ብሎ ማን ወሰነ?»

ጥያቄው ግራ ገባቸው። «ማንም አልወሰነም» አሉኝ። «ዝናቡ ሲጥል ሰው ተነሣ። ግማሹ ወደዚያ፣ ግማሹ ወደዚህ።»

የዚያን ዕለት የተሰማኝን ስም ለመስጠት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ደስታ ነው እንዳልል ፍርሃት ነበረበት። ቤተ መቅደስ ውስጥ ሳያውቁ ገብቶ መጋረጃው ሲገለጥ እንደማየት ያለ ነው። ልጆቻቸውን ለዓመት ያህል ከፊትና ከኋላ ስደረድር፣ እነዚህ ሰዎች ምን እንደሆኑ አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አልጋነሽ ጭቃና ጭድ ስትረግጥ አጠገቧ ገብቼ አብሬ እረግጥ ጀመር። ያን አንድ ነጥብ በግፍ እንደወሰድኩባት ነገርኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። አፍራ፣ ቀስ ብላ፣ «ሴትዮዋን አላየኋትም፤ እኔ ገብሱን ነበር የምቆጥረው» አለችኝ። ሒሳብ ማለት ይኸው አይደለም? ሴትዮዋን ሲያይ የነበረው አስተማሪው ነው።

ዓርብ ወጋግራው ቆመ። ቅዳሜ ጠዋት የሰይድ ቆርቆሮ ሲመታ ድምፁ ከተማው ሁሉ ይሰማ ነበር። የመጨረሻው ምስማር እንደገባ ዝናቡ እንደገና መጣና ሁላችንም አዲሱ ቤት ውስጥ ተጠለልን። ያን ሁሉ ሰው ያዘ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን እየሰማን ቆየን። ዳይሬክተሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ወረቀት አወጣና በደረጃ ልጻፍ ወይስ በአበገደ ተራ ብሎ ጠየቀኝ። በአበገደ ተራ አልኩት። የመጀመሪያዋ አልጋነሽ ሆነች፤ በአ ስለምትጀምር እንጂ በሌላ አይደለም።

አያ ስዩም ዝናቡ ሲያባራ ማሳቸውን ሊያዩ ሄዱ። ምስጋናዬን አልጠበቁም፤ ለእኔ የተሠራ መስሏቸውም አያውቅም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት አስተማሪዎች ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ምናልባትም ልጃችሁ ካርዱን ይዞ ሲመጣ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ደረጃ የሚለው ላይ ይሆናል። አልፈርድባችሁም፤ የኔም አባት እንዲሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል አስተምሬያለሁ። ደንብ ነውና ካርድ ላይ ደረጃ ጽፌያለሁ። በሰው ፊት ግን ዳግመኛ አላነበብኩትም፤ ልጅንም በእሱ አላስቀመጥኩም። ፈተና ሳርም የአንዱን ወረቀት ከሌላው ጎን አላደርግም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ይህ ልጅ ማወቅ ያለበትን አወቀ ወይስ አላወቀም?

ጥበት ሁሉ በድንጋይና በጥድ እንደማይፈታ አውቃለሁ። ወንበሩ በእርግጥ አንድ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ መምረጥ ግድ ነው። ግን ስንቱ ጊዜ ነው ማንም ሳይለካ ጠባብ ነው የተባለው? ስንቱን ቤት ተንበርክኮ በክንዱ የለካው ሰው አለ? እኔ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ቤት ፊት ሳልፍ አልለካሁትም። ልጆቹን ግን በየሳምንቱ ለካኋቸው።

አሥራ አንዱ ሁሉ ጎበዝ ወጡ ብዬ ባሳምርላችሁ ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም። አልጋነሽና ኑሩ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተምረው ሁለቱም ወደ ሰባተኛ አለፉ። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ ስድስተኛን ወደቁ፤ አንደኛውን አባቱ ወደ እርሻ መለሰው። አያ ስዩም ይህን ሲሰሙ አዝነው፣ ጥሩ ነው አሉኝ። ምኑ ነው ጥሩ አልኳቸው።

«በራሳቸው ነዋ የወደቁት» አሉኝ፤ «ማንም አልጣላቸውም።»